በበግ አገር የበሬ ጀርባ ፍለጋ

ፈረሰኛ ወደ ኮርቻው ሲወጣ፣ ግራ እግሩን እርካብ ውስጥ አስገብቶ ቀኝ እግሩን ከመሬት ሲያነሣ፣ መላ ሰውነቱ በአንዲት የቆዳ ጠፍር ላይ የሚንጠለጠልባት ቅጽበት አለች። መቀመጫው ቢያረጅ ይቆረቁራል፤ ልጓሙ ቢዝግ ያስቸግራል፤ የእርካብ ጠፍር ሲበጠስ ግን ሰው ይወድቃል። ለዚህች ጠፍር ሙሉ ምዕራፍ የሰጠሁት ስለዚህ ነው። ቦታውንም ቦንጋና የካፋ ዞን ማድረጌ በምክንያት ነው። ጥሩ ቆዳ ከከብቱ ገላ ተነሥቶ ኮርቻ ላይ እስኪደርስ የሚያልፍበትን መንገድ፣ በመንገዱም ላይ የሚደርስበትን ጥፋት ካፋ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል።

የካፋ ስም ሲነሣ ለብዙ ሰው ቀድሞ የሚታወሰው ቡናው፣ ጫካውና ማሩ ነው። ፈረሱን የሚያስብ ጥቂት ነው። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የኢትዮጵያ ፈረሶች ጥናት በአገሪቱ ውስጥ ከለያቸው ስምንት የፈረስ ዓይነቶች አንዱ የካፋ ፈረስ ነው፤ ከሰላሌ፣ ከባሌ፣ ከቦረና፣ ከሆሮና ከኩንዱዶው የዱር ፈረስ ጋር ተሰልፎ ይገኛል። እርጥበት የማይለየውን የደን አገር የለመደ ፈረስ ነው። ከቦንጋ ወጥተው ወደ አዲዮና ወደ ጠሎ ደጋ ሲያቀኑ፣ መኪና በማይገባባቸው ዳገቶች ላይ ፈረስ ዛሬም ሰው ያደርሳል፣ ጭነት ያነሣል። ወደ ጎጀብ ቆላ ከወረዱ ግን የገንዲ በሽታ አለ፤ ፈረስ እዚያ አይበረክትም።

የአገራችን ኮርቻ አጥንቱ እንጨት ነው፤ ፊቱና ኋላው ከፍ ያለ፣ በቆዳ የተለበጠ። የእርካቡ ጠፍር ከእንጨቱ ጋር ይታሰራል፤ ሲያልቅ ባለቤቱ ሌላ ቆርጦ ያስርበታል። የቀደሙት ፈረሰኞቻችን በባዶ እግራቸው ይጋልቡ ስለነበር እርካባቸው የእግር አውራ ጣት ብቻ የምታስገባ ትንሽ ቀለበት ነበረች። ይህ ዓይነቱ የጣት እርካብ በጥንቷ ሕንድም ከክርስቶስ ልደት በፊት ይታወቅ ነበር። ቀለበቷ ማነስዋ ትልቅ ጥቅም ነበረው፤ ሰው ቢወድቅ ጣቱ ወዲያው ሾልኮ ስለሚወጣ ፈረሱ አይጎትተውም።

የእንግሊዝ ኮርቻ እርካብ ሙሉ ጫማ የሚያስገባ ነው። ስለዚህ የመጎተቱን አደጋ የሚከላከለው በሌላ ዘዴ ነው። ከጎኑ ካለው የቆዳ ክንፍ ሥር የብረት ዘንግ አለ፤ ጠፍሩ በዚያ ላይ ይንጠለጠላል፤ የወደቀ ሰው እግር እርካቡ ውስጥ ቢቀር፣ ጠፍሩ ከዘንጉ ወደ ኋላ ሾልኮ እንዲወጣ ታስቦ ተሠርቷል። እንግዲህ ይህ ጠፍር አይቋጠርም፣ ከኮርቻው ጋርም አይሰፋም። ዘለበት ያለው ረጅም ቀበቶ ሆኖ በዘንጉ ላይ ያልፋል፣ በእርካቡ ዓይን ይገባል፣ ተመልሶ ይቆለፋል። ለአዋቂ ሰው ርዝመቱ 137 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው፤ ወርዱ ሁለት ተኩል ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ ከሦስት ተኩል እስከ አራት ሚሊ ሜትር። ከዚህ አወፍራለሁ ብሎ ዘንጉ ላይ የሚጣበቅ ጠፍር የሰፋ ሰው ፈረሰኛውን አላዳነውም። የማይሾልክ ጠፍር ከሚበጠሰው ያላነሰ አደጋ አለው።

ይህ ኮርቻ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በኤምባሲዎች፣ በቤተ መንግሥት፣ በጦር ሠራዊትና በፖሊስ ፈረሰኞች በኩል ነው፤ በጃንሜዳ ውድድርና በአዲስ አበባ የግልቢያ ማሠልጠኛዎችም ይታያል። ካፋ ውስጥ ብርቅ ነው። ከደረሰ ግን ችግሩ ከዚያው ይጀምራል፤ መቀመጫው ገና ደህና ሳለ ጠፍሩ ቀድሞ ያልቃል፣ ምትኩም በአካባቢው ሱቅ አይገኝም። ቆርጦ ማሠራት ግድ ይሆናል። ቆርጦ ለማሠራት ደግሞ ጠፍሩ ለምን እንደሚያልቅ ማወቅ ያስፈልጋል።

ትንሽ ስሌት እንሥራ። ሁለት ተኩል ሴንቲ ሜትር ወርድና አራት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጠፍር ሲቆረጥ የገጹ ስፋት 100 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው። ደህና ሆኖ የለፋ የከብት ቆዳ በእያንዳንዱ ካሬ ሚሊ ሜትር 20 ኒውተን ያህል ይችላል። በድምሩ ወደ 200 ኪሎ ይጠጋል። አምስት ሚሊ ሜትር የሆነ ቀዳዳ ከወርዱ አንድ አምስተኛውን ቢወስድበት እንኳ 160 ኪሎ ይቀረዋል። ጠፍሩ ደግሞ ታጥፎ ስለሚወርድ ሸክሙ ለሁለት ይከፈላል። አዲስ ጠፍር በሰው ክብደት ብቻ አይበጠስም ማለት ነው። የሚበጠሰው የእርካቡ ብረት ለዓመታት እየፋተገ ካሳሳው፣ ላብና ዝናብ ካበሰበሰው፣ ቀዳዳው ከተሰነጠቀ ወይም የዘለበቱ ስፌት ከላላ በኋላ ነው። ስለዚህ ገበያ ስንወጣ የምንጠይቀው ጥያቄ ይለወጣል። «ጠንካራ ነው?» ማለት ብቻውን አይበቃም። ይለጠጣል ወይ? ፍትጊያ ይችላል ወይ? እርጥበት ይችላል ወይ? እነዚህ ናቸው ዋናዎቹ።

ቦንጋ ላይ ቆዳ ሲባል መጀመሪያ ዓይን የሚገባው የበግ ነው። የቦንጋ በግ በአገር የታወቀ ዘር ነው፤ ቀንድ የለውም፣ ግዙፍ ነው፣ ላቱ ረጅምና ስብ ያለው ነው። በአዲዮ አርሶ አደሮች ዘሩን ራሳቸው እየመረጡ የሚያሻሽሉበት ፕሮግራም ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲካሄድ ቆይቶ ለሌሎች አገሮች ሳይቀር ምሳሌ ሆኗል። የኢትዮጵያ ደጋ በግ ቆዳም በዓለም ገበያ ስም አለው፤ ፒታርድስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ የታወቀበትን የጓንት ቆዳ ያወጣው ከዚህ ነው። ግን ቆዳን ለጓንት ተወዳጅ የሚያደርገው ጠባይ ለእርካብ የማይሆንበት ምክንያት ነው። የጓንት ቆዳ ከአንድ ሚሊ ሜትር የሳሳ፣ ለስላሳ፣ ከእጅ ጋር የሚለጠጥ ነው። በበግ ቆዳ የላይኛውና የታችኛው ንብርብር መካከል ስብ አለ፤ ስቡ ሲወጣ ሁለቱ ይላላሉ፣ አልፎ አልፎም ይላቀቃሉ። ሁለትና ሦስት እጥፍ አድርገው ቢሰፉትም ሸክሙን የሚይዘው ስፌቱ እንጂ ቆዳው አይሆንም። የፍየል ከበግ ይጠነክራል፤ ስልቻም ሆኖ የሚያገለግለው ለዚህ ነው፤ ግን እሱም ስስና አጭር ነው። ለእርካብ የሚሆነው የበሬ ወይም የላም ቆዳ ነው፤ እሱም ሁሉም ስፍራው አይደለም።

የከብት ቆዳ መሬት ላይ ሲዘረጋ እንደ አንድ ወጥ ነገር ይታያል እንጂ አንድ አይደለም። በጀርባ አጥንት ግራና ቀኝ ያለው ክፍል ጭረቱ ጥቅጥቅ ያለ፣ ውፍረቱም እኩል ነው። ወደ ሆድ ሲወርድ ይሳሳል፣ ይለጠጣል፤ ሆድ በጥጋብና በእርግዝና እንዲሰፋ የተፈጠረ ነውና። ብብትና ጉያም እንዲሁ ናቸው። አንገት ወፍራም ቢሆንም የተጨማደደ ነው፤ በእርሻ በሬ ላይ ደግሞ ቀንበር ያጠነከረው ጠባሳ አለበት። ስለዚህ ጠፍር የሚቆረጠው ከጀርባ፣ ከጀርባ አጥንቱ ጋር ትይዩ፣ ከሽንጥ ወደ ትከሻ ነው። ሁለቱም ጠፍሮች ከአንድ ቆዳ፣ ከአንድ ጎን፣ ተጠጋግተው መቆረጥ አለባቸው። አንዱ ከጀርባ ሌላው ከሆድ ጠርዝ ከተወሰደ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ አንዱ ረዝሞ ፈረሰኛው ወደ አንድ ጎን ማዘንበል ይጀምራል፤ የፈረሱም ጀርባ ይቆስላል።

እዚህ ላይ አንድ ችግር አለ፤ የአገራችን ከብት ሻኛ አለው። ሻኛው ባለበት ቆዳው ጎብጦ የተፈጠረ ስለሆነ ሲዘረጋ ይሸበሸባል፣ ይላላል፤ በዚያ ያለፈ ጠፍር ቀጥ አይልም። ከሻኛው ኋላ እስከ ጭራ ሥር ያለው ርቀት ደግሞ በትንሽ ከብት ላይ 137 ሴንቲ ሜትር አይሞላም። መፍትሔው ትልቅ በሬ መፈለግ፣ ወይም ከሻኛው ሥር ትንሽ ዝቅ ብሎ በጎን በኩል ወደ ትከሻው ማለፍ ነው። ለልጅና ለአጭር ሰው 120 ሴንቲ ሜትር ያህል ይበቃል። መጫኛ የሚሠሩ ሰዎች ከአንድ ቆዳ ረጅም ጠፍር የሚያወጡት ዙሪያውን እየዞሩ በመቁረጥ ነው፤ ጭነት ለማሰር ግሩም ዘዴ ነው። ለእርካብ ግን አይሆንም፤ ዙሪያውን የሄደ ጠፍር ጀርባን፣ ሆድንና አንገትን እየተራመደ ስለሚያልፍ በአንዱ ቦታ ይለጠጣል፣ በሌላው ይቆማል።

ከዚያ ጠባሳው አለ። አርሶ አደሩ ጅራፉን የሚያሳርፈው ከሁሉ በተሻለው የቆዳው ክፍል፣ በጀርባና በዳሌ ላይ ነው። ለበሽታም ሆነ ለመለያ የሚደረገው ተኩስ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው ሰፊና ሜዳ በሆነው ስፍራ ነው። መዥገር በበዛበት እርጥብ አገር ቆዳው የተበሳሳ ይሆናል። በመጨረሻም ገፋፊው ቢላውን ሲያንሸራትት ከውስጥ በኩል የሚተወው ቁርጥ አለ፤ ከውጭ አይታይም፤ ጠፍሩ የሚበጠሰው ግን እሱ ላይ ነው። ስለዚህ ቆዳ ሲመረጥ የሥጋው ገጽ ከፀጉሩ ገጽ ቀድሞ ይገለበጥና በመዳፍ ይዳሰስ።

ጥሬ ቆዳ በካፋ አይጠፋም። በመስከረም፣ በመስቀልና በካፋዎች አዲስ ዓመት በማሽቃሬ ባሮ ሰሞን፣ ከብት በየቤቱ ይታረዳል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን የጥሬ ቆዳ ዋጋ በመላ አገሪቱ ወድቆ፣ በበዓል ማግስት ቆዳ በየመንገዱ ዳር ተጥሎ ማየት የተለመደ ሆኗል። ይህ ያንገበግበኛል። አንድ የበሬ ጀርባ ስንት ዓመት የሚያገለግል ጠፍር እንደሚወጣው እያወቁ ውሻ ሲጎትተው ማየት ይከብዳል። ደህናውን ማትረፍ ደግሞ ከባድ አይደለም። የተገፈፈው ቆዳ በዚያው ቀን ይታጠብ፣ ስቡ ይነሣለት፣ የክብደቱን ሲሶ ያህል ጨው በሥጋው ገጽ ላይ ይነስነስበት። በደረቅ አገር በአየር ማድረቅ ይበቃ ይሆናል። ቦንጋ ላይ ግን በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ይወርዳል፤ ያለ ጨው የተዘረጋ ቆዳ ላዩ ደርቆ ውስጡ ይበሰብሳል። ፀጉሩ በጣት ሲጎተት በቀላሉ ከተነቀለ ቆዳው አልፎበታል፤ ከእንግዲህ ማንም ቢያለፋው ጠፍር አይሆንም።

ማልፋት ወደሚለው እንለፍ፤ የምዕራፉ እምብርት እዚህ ነው። ያልለፋ ጠፍር፣ ለቀንበር ምራን የምንጠቀምበት ዓይነት፣ በደረቅ ወራት እጅግ ጠንካራ ነው። በካፋ ክረምት ግን ውኃ ጠጥቶ ይላላል፣ ይረዝማል፣ ሲደርቅ እንጨት ይሆናል፣ ሲደጋገም ይሸታል። ለሰው ነፍስ አደራ አይሰጥም።

በካፋ ቆዳ ማልፋትና ሸክላ መሥራት ማኖ የሚባሉት ወገኖች ሙያ ሆኖ ኖሯል። የእንቧይ ፍሬ፣ የዛፍ ቅርፊት፣ የጉሎ ዘይትና ቅቤ በመላ ኢትዮጵያ የቆዳ ባለሙያ እጅ የማይለያቸው ነገሮች ናቸው፤ ከሁሉ በላይ ግን ጉልበት ነው፤ ቆዳው ይታሻል፣ ይረገጣል፣ ይፋቃል፣ እንደገና ይታሻል። ኅብረተሰቡ በቆዳው ላይ ተኝቶ፣ በቆዳው እህል ጭኖ፣ በቆዳው ፈረስ ተቀምጦ፣ ቆዳውን ያለፋለትን ሰው ግን ከማዕዱ አርቆታል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅ የሆነን ሰው «ፋቂ»፣ «ቀጥቃጭ» እያሉ መስደብን በአዋጅ ከለከሉ፤ ስድቡ ግን ከአዋጁ በኋላም ብዙ ኖረ። ልጅ የአባቱን ሙያ ሲሸሽ ዕውቀቱም አብሮ ይሸሻል። ዛሬ በገጠር ቆዳ የሚያለፋ አዛውንት ያገኘ ሰው ዋጋ ሳይከራከር ይክፈል፤ የሚገዛው ሌላ ቦታ የማይገኝ እጅ ነው።

የፋብሪካው ቆዳ ሌላ ታሪክ አለው። መንግሥት በ2000 ዓ.ም. ጥሬ ቆዳ፣ በ2004 ዓ.ም. ደግሞ በከፊል የተዘጋጀ ቆዳ ወደ ውጭ ሲላክ 150 በመቶ ቀረጥ እንዲከፈልበት አደረገ፤ ሐሳቡ ቆዳው በሞጆና በሌሎች ከተሞች ፋብሪካዎች አልፎ ያለቀለት ሆኖ እንዲወጣ ነበር። ፋብሪካዎቹ በብዛት የሚሠሩት ክሮም በሚባል ኬሚካል ነው። በክሮም ቆዳ በአንድ ቀን ገደማ ይለፋል፤ በዛፍ ቅርፊት ውስጥ ባለው ታኒን ግን ሳምንታት፣ ወፍራሙም ወራት ይፈጃል። ጫማና ጓንት የሚፈልገው ለስላሳውን የክሮም ቆዳ ነው፤ የጫማ ፊት ቆዳም ውፍረቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ብዙ አይበልጥም። ለእርካብ የሚሻለው በታኒን የለፋው ነው፤ ጠጣር ነው፣ ብዙ አይለጠጥም፣ ቀዳዳው ቅርጹን ይይዛል፣ ጠርዙ ሲታሽ ይስተካከላል። አገራችን ለዚህ የሚሆን ዛፍ አላት። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ በሚኖርበት፣ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የፈረስ በዓል በሚደምቅበት በአዊ ዞን አርሶ አደሩ ኮረብታውን በዲከረንስ ግራር ሸፍኖታል፤ የዚህ ዛፍ ቅርፊት በታኒን የበለጸገ ነው። ዛፉ የሚቆረጠው ግን ለከሰል ነው። ፈረስ የሚወድ አገር የኮርቻውን መድኃኒት ከሰል እያደረገ ነው ብዬ ሳስብ ያሳዝነኛል። አንድ ሰው ቅርፊቱን ለይቶ መሸጥ ቢጀምር ከአዊ እስከ ካፋ ያለ ኮርቻ ሠሪ ይጠቀማል።

ለጊዜው ከቦንጋ ተነሥቶ ደህና ጠፍር የሚፈልግ ሰው መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛው እዚያው በሬ መርጦ፣ ቆዳውን ጨው ነስንሶ፣ የሚያለፋ ባለሙያ ዘንድ መውሰድ ነው። ሁለተኛው በጅማ በኩል ወደ አዲስ አበባ ወጥቶ መርካቶ የጫማ ሠሪዎች ቆዳ የሚሸጥበትን ሰፈር ማሰስ ነው። እዚያ በታኒን የለፋ የሶል ቆዳ ይገኛል፤ ለጫማ ሥር ተብሎ የተዘጋጀ ስለሆነ ደረቅና ግትር ነው፤ ከጀርባ ክፍል የሆነውን፣ አራት ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነውን መርጦ ሞራ በሞቀ እጅ ቀስ እያሉ ቢያጠጡት ይለዝባል። ሲታጠፍ የሚሰነጠቀውን ግን ሞራ አያድነውም፤ ይተውት። ከክሮም ቆዳ በቀር የጠፋበት ሰው ደግሞ ሁለት ንብርብር አድርጎ መሃሉ ላይ እንደ መኪና የደኅንነት ቀበቶ ያለ የማይለጠጥ ናይለን ያስገባበት። ሸክሙን ናይለኑ ይይዛል፤ ቆዳው ከፍትጊያ ይከላከላል። በውጭ አገርም ይህን የመሰለ የእርካብ ጠፍር ይሸጣል። ከመኪና ጎማ ውስጠኛ ላስቲክ የተቆረጠ ማንጠልጠያ ግን ለጭነት እንጂ ለእርካብ አይታሰብ፤ ፈረሰኛው በቆመ ቁጥር ይረዝማል።

ሻጩ «በቅርፊት የለፋ ነው» ሲል ማረጋገጫው ቀላል ነው። መጀመሪያ ጠርዙን በስለት ቆርጠው ውስጡን ይዩት። ቀለም ያልዘለቀው የክሮም ቆዳ መሃሉ ወደ ሰማያዊ ወይም ግራጫ ያደላል፤ የታኒኑ እስከ ውስጡ ቡናማ ነው። ጥርጣሬ ከቀረ ጣት የምታክል ቁራጭ በሚፈላ ውኃ ውስጥ ይጣል። በታኒን የለፋ ቆዳ ከ70 እስከ 85 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ ይኮማተራል፤ በክሮም በደንብ የለፋው የፈላ ውኃ ይችላል። ቦንጋ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውኃ የሚፈላባት በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ለዚህ ፈተና ይበቃል። ቀጥሎ የፀጉሩን ገጽ ወደ ውጭ አድርገው ይጠፉት፤ ስንጥቅ ካሳየ ደርቋል ወይም ተቃጥሏል፤ ከላላና እንደ ቦርሳ ከተሸበሸበ ከሆድ የተወሰደ ነው።

ከተገዛ በኋላ ቀዳዳ ለመብሳት አይቸኮል። ሁለቱ ጠፍሮች ጎን ለጎን ተሰቅለው፣ በእያንዳንዳቸው ላይ ባለ 20 ሊትር የውኃ ጀሪካን ተንጠልጥሎ ይደር። በማግስቱ አንዱ ከሌላው ከረዘመ ገና ሳይሰፋ ታወቀ ማለት ነው። ቀዳዳው በቢላ ጫፍ የተሰነጠቀ ሳይሆን በመብሻ የወጣ ክብ ይሁን፤ የስንጥቅ ጫፍ መቀደዱን ይቀጥላል፣ ክብ ግን ጉልበቱን ዙሪያውን ያካፍላል። በየሁለት ተኩል ሴንቲ ሜትሩ፣ በሁለቱም ጠፍሮች ላይ በእኩል ቦታ ይበሳ። ዘለበቱ የሚሰፋበት ጫፍ ከሥጋው በኩል ይሳሳና ይታጠፍ፤ ክሩ በሰም ይታሽ። ሰም በካፋ የደን ንብ አገር የሚቸግር ነገር አይደለም። ስፌቱ በወስፌ ሲሠራ ነጠላው ክር አይበቃም፤ ሁለት ክር ከግራና ከቀኝ ተሻግሮ በአንድ ቀዳዳ ይለፍ፤ አንዱ ቢበጠስ ሌላው እንዲይዝ።

ሠሪውን የሚያስገርም አንድ ነገር አለ። በእንግሊዝ ኮርቻ የእርካብ ጠፍር ላይ ወደ ውጭ የሚታየው ሸካራው የሥጋ ገጽ ነው። ባለሙያ «ተገልብጦ ተሰፍቷል» ብሎ ሊያቃናው ይችላል። አያቃናው። ጠፍሩ በእርካቡ ዓይን ውስጥ ሲታጠፍ ብረቱን የሚነካው የውስጠኛው ገጽ ነው፤ ፍትጊያን የሚችለው ደግሞ ጥብቁ የፀጉር ገጽ ነው። ውበቱ ወደ ውስጥ የገባው ሥራ ስላለበት ነው።

በካፋ እርጥበት ጠፍሩን የሚጎዳው ሻጋታ ነው። ከዝናብ ሲገቡ በደረቅ ጨርቅ ይጠረግ፣ ነፋስ ባለበት ጥላ ይሰቀል። ከምድጃ በላይ መስቀል የብዙ ቤት ልማድ ነው፤ ጭሱ ነፍሳትን ያርቃል፣ ግን ሙቀቱ በታኒን የለፋን ቆዳ ያኮማትራል፤ ራቅ ይደረግ። ሞራና ሰም አቅልጦ በቀጭኑ መቀባት ይጠቅማል፤ ስብ ማብዛት ግን ቆዳውን አልስልሶ ያስረዝመዋል። ወደ ኮርቻ የሚወጣው በግራ እርካብ ስለሆነ የግራው ጠፍር ከቀኙ ፈጥኖ ይለጠጣል፤ በየወሩ ቦታቸው ይለዋወጥ። ያን ጊዜ እርካቡ ወጥቶ ብረቱ የሚቀመጥበት ስፍራ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ይዳሰስ። ከሌላው አካል ግማሽ ያህል የሳሳ ከሆነ፣ ከዘለበቱ በኩል አጭር ቁራጭ ተቆርጦ ዘለበቱ እንደገና ቢሰፋ ብረቱ አዲስ ስፍራ ላይ ያርፋል፤ ጠፍሩም ሌላ ጥቂት ዓመት ያገለግላል። ሁለተኛ ከሳሳ ግን ሁለቱም አብረው ይለወጡ።